እግሯን የት ታድርግ?

ጎበዝ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብረት ነው። ስንዝር ስለማትሞላ ብረት። ከሞተር ሳይክል ኋላ የተቀመጠ ሰው እግሩን ስለሚያሳርፍባት፣ እያለች ማንም ስለማያያት፣ ስትጠፋም ማንም ስለማይፈልጋት ብረት። አንዱ «ፔዳል» ይላታል፣ ሌላው «የእግር ማሳረፊያ»። እኔ መርገጫ እላታለሁ።

የአዲስ አበባ አንባቢዎቼ «ይቺ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። የከተማው አስተዳደር ከዝርፊያና ከቅሚያ ጋር አያይዞ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ ነገሩ ከዓይናችሁ ራቀ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ማለት ለእናንተ ዕቃ አድራሽ ነው፤ ከሞተረኛው ኋላ ሳጥን እንጂ ሰው የለም። ሳጥን ደግሞ እግር የለውም።

እስቲ ከከተማዋ ወጣ በሉ። ዲላ ሂዱ፣ ወላይታ ሶዶ ሂዱ፣ ጂንካ ሂዱ። እዚያ ሞተር ታክሲ ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሲሆን ደግሞ አምቡላንስ ነው፤ የገበያ ቀን ሲሆን የጭነት መኪና ነው፤ ለቅሶ ሲሆን የዕድር መኪና ነው። ከሞተረኛው ኋላ የሚቀመጠው ማን ነው? ነጠላ ያጣፋች እናት ናት። ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የሚደርስ ሴት ናት። ነፍሰ ጡር ናት። ዳሌያቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። እነዚህ ሰዎች አንፈራጥጠው አይቀመጡም። ወደ ጎን ዞረው፣ ሁለቱንም እግራቸውን በአንድ በኩል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው የሞተረኛውን ጃኬት፣ በሌላው ፌስታላቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ፋብሪካው ግን ያሰበው ስለ ሌላ ሰው ነው። ሱሪ ስለለበሰና ስለሚያንፈራጥጥ ሰው። ስለዚህ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ አውራ ጣት የምታህል ታጣፊ መርገጫ አድርጎ ልኮልናል። ወደ ጎን የተቀመጠችዋ ሴት ከሁለቱ አንዷን ብቻ ነው የምታገኘው። አንዱ እግሯ ይረግጣል፤ ሌላው ይንጠለጠላል። የት? እዚያው ጎማው አጠገብ!

አንድ ልብ ያልተባለ ነገር አለ። ቦክሰሩም ቲቪኤሱም የሚመጡት ከህንድ ነው። ህንድ ውስጥ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። ስለዚህ ሳሪ የለበሰች ህንዳዊት እግሯን በግራ በኩል አድርጋ ስትቀመጥ ፊቷ ወደ መንገዱ ዳር ነው። ጎማውን የሚሸፍነው መከላከያና የሴቶች መርገጫ የሚባለው ተጨማሪ ብረትም የሚገጠመው በዚያው በግራ ነው። እኛ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምንነዳው በቀኝ ነው። ያንኑ ሞተር አምጥተን የእኛዋን እናት በግራ በኩል ስናስቀምጣት እግሯ የተዘረጋው ወደ መንገዱ መሀል፣ ወደሚቀድመው ቅጥቅጥ አይሱዙ ነው። በቀኝ ትቀመጥ ካልን ደግሞ እዚያ ማርሚታው ይጠብቃታል፤ አንድ ጊዜ ከነካት ባቷ ላይ ዕድሜ ልክ የሚቀር ማኅተም ያትምባታል። እንግዲህ ምርጫዋ በአይሱዙና በማርሚታ መሀል ነው። ይህችን ሴት ነው «ተጠንቅቀሽ ያዥ» የምንላት።

በያጆቻችን ይህን ያዩት ከማንም ቀድመው ነው፤ ምስጋናዬን እዚሁ ላስቀምጥ። መሐንዲስ ሳይልኩላቸው፣ ቢሮ ሳያዛቸው፣ በየመናኸሪያው ጀርባ በርና መስኮት የሚሠሩ ሰዎች መርገጫ መሥራት ጀመሩ። አንዱ ፌሮ ቆርጦ ከቴላዮው ላይ ይበይዳል። ሌላው የውኃ ቧንቧ አጥፎ ሁለት እግር ጎን ለጎን የሚያሳርፍ ርካብ የመሰለ ነገር ያወጣል። ላሜራ ቆርጦ የትሪ ያህል ሰፊ መርገጫ የሠራም አይቻለሁ፤ እንዳያንሸራትት ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ሚስማር መትቶበታል። (በነገራችን ላይ ርካብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የድሮ ፈረሰኞቻችን አውራ ጣታቸውን ብቻ የሚያስገቡባት ትንሽ የብረት ቀለበት ነበረቻቸው። ለአውራ ጣት ርካብ ያሰበ አገር ለሁለት እግር ማሰብ አያቅተውም።)

ባለፈው እንዲህ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩ አንድ አባት ጋር ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተማርዎት?» አልኳቸው።

«ማን ያስተምረኛል ልጄ። ሞተረኛው ደንበኞቼ እየወደቁብኝ ነው ብሎ መጣ። ሴት ልጄን ሞተሩ ላይ አስቀምጬ እግሯን ለካሁ፤ ሠራሁ።»

ከዚህ የተሻለ ንድፍ አወጣጥ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው? ተጠቃሚዋን አስቀምጠው ለኩ! ከዚያ ግን ቀጥዬ «ቢሰበርስ?» አልኳቸው።

«ይመልሰዋል፤ ደግሜ እበይድለታለሁ።»

ጠቤ እዚህ ላይ ይጀምራል። ብረቱ ተመልሶ ይበየዳል። ስትሰበር ላይዋ ላይ የነበረው እግርስ?

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ሞተር ላይ ስትወጣ ሙሉ ክብደቷን የምትጥለው በአንድ እግሯ መርገጫው ላይ ነው። መርገጫው ከተያያዘበት ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ርቃ ስትረግጥ ብየዳው አንድ ያህል ጉልበት ይሸከማል። «ይመቻት» ብለን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስናስረዝመው ያው 60 ኪሎ ብየዳውን በሁለት ተኩል እጥፍ ጉልበት ይጠመዝዘዋል። ይህ ሞተሩ ቆሞ ነው። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ሲጨመርበት እያንዳንዷ ነጠራ ብየዳውን እንደ መዶሻ ትመታዋለች። ብረት ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ አንዴ በሚመጣ ትልቅ ሸክም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በሚደጋገም ትንሽ ሸክምም ይደክማል። መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች፤ በላይዋ ቀለም ስለተቀባ አትታይም፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ቀጭ!

ፌሮውም ቢሆን የተሠራው ለኮንክሪት ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ እንዲጎተት እንጂ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሰው እንዲረግጠው አይደለም። ካርቦኑ በዛ ያለ ፌሮ ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይደርቃል፤ የደረቀ ብረት ደግሞ ቀስ ብሎ ተጣሞ አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ይቆረጣል። ቴላዮውም ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ ነው። በር የለመደ በያጅ እጁን ሲያከብድበት ቱቦውን ይበሳዋል፤ ሲያቀልለት ደግሞ ብየዳው ላይ ላዩን ይለጠፋል እንጂ አይገባም። ያኔ የተበላሸው መርገጫው ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ራሱ ነው። አንዳንዶቹ ጭራሽ የኋላውን ጎማ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው ሹካ ላይ ይበይዱታል። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ሞተሮች ከፋብሪካቸውም መርገጫቸው እዚያ ላይ ነው፤ አዎ። ግን የተሳፋሪዋ ጉልበት ከጎማው ጋር እየተነሣ እየወደቀ ሲሄድ እግሯ ከመርገጫው ላይ መዝለሉ አይቀርም። ስለ ባትሪው አለመነቀል፣ ቤንዚኑ ሳይቀዳ በላዩ ላይ ስለሚፈነጥቀው የብየዳ እሳት፣ የማሽኑ ኔጋቲቭ ከብየዳው ርቆ ሲታሰር በኩሽኔታው ውስጥ ስለሚያልፈውና ስለሚያቃጥለው ኤሌክትሪክ ባወራ እስከ ነገም አልጨርስ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አለመታጠፉ ነው። የፋብሪካዋ መርገጫ ወደ ላይና ወደ ኋላ የምትታጠፈው ለቁንጅና መስሏችሁ ነው? ሞተሩ ኩርባ ላይ ሲያጋድል መሬት ብትነካ እጥፍ ብላ እንድትለቅ ነው። ሰው አጠገብ ስታልፍ የመንገደኛውን እግር ብትመታ እንድትሸሽ ነው። ድርቅ ብሎ የተበየደ የ25 ሳንቲ ሜትር ፌሮ አይሸሽም። መሬት ሲነካ የኋላውን ጎማ ያነሳዋል፤ የመንገደኛ እግር ሲያገኝም አይምርም። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 123 የተሳፋሪ መርገጫ በማያስፈልግበት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ላይ የሚታጠፍ መሆን አለበት ይላል። የህንድ የ1989 (በፈረንጅ) የተሽከርካሪ ደንብም አንቀጽ አለው፤ ተሳፋሪ የሚጭን ሞተር ሁሉ ቋሚ የእጅ መያዣ፣ መርገጫና የተሳፋሪዋ ልብስ እንዳይጠመጠም ከኋላ ጎማው ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን መከላከያ እንዲኖረው ያዛል። የዚህም አንቀጽ ቁጥሩ 123 ነው። ሎተሪ የምትቆርጡ ካላችሁ ያዙልኝ።

ያ የጎማ መከላከያ ነገር ደግሞ ሆዴን ያቃጥለዋል። ሞተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣውን እያወለቅን የምንጥል ሰዎች አለን! ጎረምሳው ሞተሩ «እንዲሳል» ፓራፋንጎውን ያሳጥራል፣ የጎማ መከላከያውን ይፈታል፣ የተሳፋሪ መርገጫውን ነቅሎ ቡሎኑን ለሌላ ነገር ያውለዋል። ከዚያ ከሰዓት ላይ ገንዘብ ሲያጥረው መናኸሪያ ሄዶ እናቶችን ይጭናል። ወንድሜ፣ የስፖርት ሞተር ከፈለግህ ብቻህን ሂድ። ሰው ከጫንህ ታክሲ ነህ።

ነጠላ ጎማ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለሚጠራጠር ሌላ ትንሽ ሂሳብ ላቅርብ። ባለ 17 ቁጥር ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 1 ሜትር ከ80 ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 6 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የነጠላዋ ጫፍ ራጂው ውስጥ ከገባ «ወንድሜ አቁም» ብሎ ለመጮህ ጊዜ የለም። ኢሳዶራ ዱንካን የተባለችውን ታዋቂ ዳንሰኛ በ1927 (በፈረንጅ) ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ውስጥ የገደላት ይኸው ነው፤ የአንገት ልብሷ የመኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ። እሷ ዝነኛ ስለነበረች ዓለም እስካሁን ያወራላታል። ባንግላዴሽ ውስጥ ግን ስካርፋቸው ሪክሾ ጎማ ውስጥ እየገባ አከርካሪያቸው የተጎዳ ስም የለሽ ሴቶች በየመልሶ ማቋቋሚያው ተኝተዋል። የሕፃናት ተረከዝ ራጂ ውስጥ መግባትም የአጥንት ሐኪሞች የራሱ ስም የሰጡት ጉዳት ነው። የልጅ እግር መርገጫው ላይ አይደርስማ!

አሁን ወደ መከራከሪያዎቹ ልምጣ። አንደኛው ወገን «ምን አከራከረ? ሴቶቹ አንፈራጥጠው ይቀመጡ» ይላል። እንግሊዞችም ሕጋቸው ተሳፋሪ አንፈራጥጦ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ከደኅንነት አንጻር ልክ ናቸው፤ ክብደት መሀል ላይ ሲሆን ሞተሩ አይዛባም፣ ሁለቱም እግር ይረግጣል፣ ጉልበት ይይዛል። እኔም ሱሪ ለብሼ እንደዚያ ነው የምቀመጠው፣ የምትችል ሁሉ እንደዚያ ብታደርግ እመርጣለሁ። ግን የሰባ ዓመት እናት ለቅሶ ስትሄድ ቀሚሷን ሰብስባ አታንፈራጥጥም፤ አንተም እናትህ ብትሆን አትላትም! ደግሞም የሴት አቀማመጥ ላይ አዋጅ ማውጣት ወዴት እንደሚወስድ አይተናል። በኢንዶኔዢያ አቼ ግዛት የሎክሱማዌ ከተማ ከንቲባ በ2013 (በፈረንጅ) ሴቶች ሞተር ላይ አንፈራጥጠው እንዳይቀመጡ ከልክሎ ነበር። አንዱ አንፈራጥጪ ይላታል፣ ሌላው አታንፈራጥጪ ይላታል። እግሯን የምታሳርፍበትን ብረት የሚሠራላት ግን የለም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወረቀት የሚወደው ነው። «ፋብሪካው ያልሠራውን መጨመር አይቻልም፤ ተቆርጦ ይውጣ» ይላል። ኧረ እባካችሁ! እናንተ ቢሮ የገባችሁት በምን ነበር? ቅጥቅጡ እኮ ስሙ ራሱ ይናገራል። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራ አውቶቡስ ነው። ውይይት ታክሲ ፒክአፕ ላይ አግዳሚ ተበይዶበት ነው ስንት ትውልድ ያመላለሰው። የዚህ አገር ትራንስፖርት ታሪክ በያጅ የጻፈው ታሪክ ነው። ወንበር ሲጨመር ገቢ ስለሚጨምር ዝም አልን፤ መርገጫ ሲጨመር ግን የሚጨምረው የአንዲት ሴት ምቾት ብቻ ስለሆነ ሕግ ትዝ አለን? ብረቱ ይቆረጥ ሲባል ሴትየዋ እቤቷ አትቀርም። ያለ መርገጫ ነው የምትሄደው።

የእኔ ክርክር አጭር ነው። ቤት ውስጥ መሠራቱ ወንጀል አይደለም፤ በግምት መሠራቱ ነው ወንጀሉ። ግምቱን ለማጥፋት ደግሞ ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልግም። ቴላዮው ላይ የፋብሪካዋ መርገጫ የታሰረችበት የቡሎን ቀዳዳ አለ። በእሱ ይታሰር፤ ብየዳ ቴላዮውን አይንካ። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ ተሰጥቶት፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ባለበት ቡሎንና በማይፈታ ዳዶ ይጥበቅ። ብየዳ የሚያስፈልገው መርገጫው ላይ ከሆነ መርገጫው ተፈትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱም ጎን ይበየድ። ይታጠፍ። ከመሪው ስፋት አይውጣ። ላዩ ላይ ጎማ ይኑረው፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ይበል፣ እግር እንዳያመልጥ። በማርሚታው በኩል ከሆነ በመሀላቸው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ይግባ። ከኋላው ደግሞ ነጠላ የማያሳልፍ የጎማ መረብ ይኑር። ይህ ሁሉ ከአንድ የመስኮት ፍርግርግ የሚበልጥ ብረት አይፈጅም።

ይህን ማን ያስተምር? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ምን እየሠሩ ነው? ተማሪው ለሲኦሲ ፈተና ሁለት ላሜራ አጋጥሞ በይዶ ያስረክባል፤ ላሜራው ወደ ቁርጥራጭ ክምር ይጣላል። ያ ፈተና ለምን መርገጫ አይሆንም? ለቦክሰር አንድ ንድፍ፣ ለቲቪኤስ አንድ ንድፍ፣ አንድ መለኪያ ፎርማ። የመናኸሪያው ጀርባ አባት ፎርማውን ቢያገኙ ከማናችንም አሳምረው እንደሚሠሩት አልጠራጠርም፤ ሴት ልጃቸውን አስቀምጠው የለኩ ሰው ናቸው። ቦሎ የሚሰጠውም መርማሪ መብራቱና ጥሩንባው ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ መርገጫዋን በእጁ አንዴ ይወዝውዛት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ተሳፋሪዎችም አለን። ከመውጣታችሁ በፊት በእግራችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ጫን በሏት። ከተወዛወዘች፣ የተቀባው ቀለም መስመር ሠርቶ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ከነጭራሹ ከሌለች አትውጡ፤ ሌላ ሞተር አለ። ሞተረኛው «ችግር የለም፣ ቅርብ ነው» ይላችኋል። መርገጫ የሌለው ሞተር ሦስት ቀን ደንበኛ ካጣ በአራተኛው ቀን በያጅ ቤት ይገኛል፤ ቢሮ በዓመት የማያደርገውን ገበያ በሳምንት ያደርገዋል።

እንግዲህ ከእናንተ መሀል መካኒካል የተማረ፣ ንድፍ መሥራት የሚችል አንድ ሰው አይጠፋም። የቦክሰሩን የቡሎን ቀዳዳ ልኬት ይዛችሁ ንድፉን ሥሩልኝ፤ በአማርኛ፣ በሚሊ ሜትር፣ በያጅ ሊያነበው በሚችል መንገድ። እኛ እናወጣዋለን፤ አትሞ ለየመናኸሪያው ጀርባ ማድረሱን ለእኔ ተዉት።